የገና ጉዞ ጅቡቲ ከሆነ፣ ካሜራውን አትርሱ



ኅዳር ሲገባ በየቤቱ አንድ ወሬ ይነሳል፤ «ለገና ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» የሚል። ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ነው። ሐዋሳና ላንጋኖ ልጆቹ ራሳቸው «አሁንም እዚያው?» የሚሉባቸው ሆነዋል። ትንሽ ያጠራቀመ ዱባይን ያስባል። በመሀል ጅቡቲን የሚያነሳ አይጠፋም፤ ወዲያው ደግሞ «ሙቀቱስ?» የሚል ይከተላል። እውነት ነው፤ እኛ ክረምት ላይ ስንሆን የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሂዱ የሚላችሁ ወዳጅ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አየሩ ይለሰልሳል፤ ባሕሩም እንግዳ ይቀበላል። እንግዳው በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው።

ዌል ሻርክ ይባላል። ስሙ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። «ዌል» ስለተባለ ዓሣ ነባሪ ይመስላል፤ ዓሣ ነባሪ ግን በሳንባ የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ይኼኛው በስንጥብ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው። «ሻርክ» ስለተባለ ደግሞ በፊልም ያየነው ሰው በላ ፊታችን ላይ ይደቀናል። አሁን እንኳ አንዳንዶቻችሁ «ሻርክ ያለበት ውኃ ውስጥ ልጄን?» ስትሉ ይሰማኛል። ሻርክነቱስ ሻርክ ነው። ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ጥርሶችም አሉት፤ ግን ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ናቸው፤ ለማኘክም አይጠቀምባቸውም። ምግቡ ፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት፣ የዓሣ እንቁላልና ትናንሽ ዓሦች ናቸው። ሰፊ አፉን ከፍቶ ውኃውን ይስባል፤ ውኃው በስንጥቡ በኩል ሲወጣ ምግቡ ውስጥ ይቀራል። ልክ ሻይ በማጥለያ እንደምናጠልለው ማለት ነው።

ሙሉ ሰውነቱን ያገኘ ዌል ሻርክ ከአንበሳ አውቶቡስ ሊረዝም ይችላል፤ እስከ 18 ሜትር የደረሱ ተመዝግበዋል። ጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት ግን ትልልቆቹ አይደሉም። ልጆች ናቸው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በአርታ የባሕር ዳርቻ አጠገብ በየዓመቱ የሚሰበሰቡት አብዛኞቹ አራት ሜትር እንኳ አይሞሉም፤ አንድ ቪትዝ መኪና ያህል ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ በብዛት ወንዶች መሆናቸው ነው። ጥናት ሲደረግ ፆታቸው ከታወቀው ውስጥ 85 በመቶው ወንድ ሆኖ ተገኘ። እህቶቻቸው የት ይውላሉ? እናቶቻቸውስ የት ይወልዷቸዋል? እስከ ዛሬ ዌል ሻርክ ሲወልድ ያየ ሳይንቲስት የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን አጠገብ የተያዘች አንዲት እርጉዝ ሆዷ ውስጥ 300 ያህል ጽንሶች ተገኝተውባት ነበር፤ ስለ አወላለዳቸው አብዛኛው የምናውቀው ከእሷ የተገኘ ነው። የጎረቤታችን ባሕር ውስጥ እንዲህ ያለ ምሥጢር መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባል የለ። እኛ ባሕርን የምናውቀው በአብዛኛው በወደብ ኪራይና በኮንቴይነር ወሬ ነው።

ይኼን ሁሉ የማወጋችሁ ለጉብኝት ማስታወቂያ አይደለም። ይህ ዓሣ እየጠፋ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ዌል ሻርክን ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች መዝገብ ላይ ወደ ከፋው ደረጃ አሳልፎታል። ከዚያ በፊት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነበር የተመዘገበው። ቁጥሩ በ75 ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ተገምቷል፤ የእኛን ጎረቤት ባሕር በሚጨምረው በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ደግሞ ቅነሳው 63 በመቶ ነው። ለሥጋውና ለክንፉ ታድኗል፤ ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ መረብ ይጠመዳል፤ መርከብና ጀልባ ይገጨዋል። እንደ ሌላው ዓሣ ቶሎ ቶሎ የሚተካ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ እንዲህ ባልከበደ። ዌል ሻርክ ግን እንደኛው ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከተደረጉ የአቶም ቦምብ ሙከራዎች ባሕር ውስጥ የቀረውን የካርቦን ምልክት ከአከርካሪ አጥንቱ ላይ አንብበው ዕድሜውን ለኩ፤ 10 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው አንዱ 50 ዓመቱ ሆኖ ተገኘ። ለመውለድ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ዛሬ አርታ ላይ የሚዋኘው ቪትዝ የሚያክለው ልጅ አባት የሚሆነው የእናንተ ልጆች ትዳር ይዘው ልጅ ሲያሳድጉ ነው። እስከዚያ ከደረሰ።

ታዲያ አንድን እንስሳ ለመጠበቅ መጀመሪያ ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከብት ቢሆን በረት ገብቶ ይቆጠራል። በአንድ ጉዞ ውቅያኖስ የሚያቋርጠውን እንዴት ትቆጥሩታላችሁ? ፓናማ አጠገብ ምልክት የተደረገባት አንዲት ዌል ሻርክ ከሁለት ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ምዕራብ ፓስፊክ ደርሳለች። ሳተላይት የሚከታተለው መሣሪያ ደግሞ ውድ ነው፤ ከጥቂቶቹ በስተቀር ለሌሎቹ አይዳረስም።

መልሱ የተገኘው ከቆዳው ላይ ነው። የዌል ሻርክ ጀርባ ግራጫማ ሆኖ በነጫጭ ነጠብጣቦች የተሞላ ነው፤ ጅግራ አይታችሁ ከሆነ ያንን አስቡ። የገጠር ሰው ከብቱን ከመቶ መሀል «ይቺ ቡሬዋ የእኔ ናት» ብሎ እንደሚለይ፣ የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ነጠብጣብ ከሌላው የተለየ ነው፤ እንደ ጣት አሻራ ነው። ብራድ ኖርማን የተባሉ አውስትራሊያዊ የባሕር ተመራማሪ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በምዕራብ አውስትራሊያ ኒንጋሉ በሚባለው ሥፍራ የእያንዳንዱን ፎቶ እያነሱ መለየት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ካነሷቸው አንዱ ጭራው የተጎዳ በመሆኑ «ስታምፒ» ብለው ሰየሙት፤ ጉማዱ እንደማለት ነው። ስታምፒ ከ20 ዓመት በኋላም እዚያው ሲመላለስ ታይቷል።

ችግሩ ፎቶው ሲበዛ መጣ። አንድን አዲስ ፎቶ ከመቶዎች ጋር በዓይን እያነጻጸሩ መዋል አያዛልቅም። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ሰማይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጄሰን ሆልምበርግ የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ቀይ ባሕር ለመዝናናት ጠልቀው ዌል ሻርክ ያያሉ፤ ልባቸው እዚያው ይቀራል። እነዚህን ነጠብጣቦች በኮምፒውተር ማንበብ አይቻልም ወይ ብለው ማሰብ ይጀምራሉ። ዛቨን አርዙማንያን የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ወዳጅ ነበሯቸው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ካገኙ ቆይተዋል፤ ምክንያቱም ሁለት የሰማይ ፎቶዎች አንድ ዓይነት ከዋክብትን ይዘው እንደሆነ ማወቅ የዕለት ሥራቸው ነው። ኤድዋርድ ግሮት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚሁ የቀመሩት ዘዴ ነበር።

ዘዴውን ልጆቻችሁ በደብተራቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። ወረቀት ላይ ዝም ብላችሁ አሥራ አምስት ነጥቦች በትኑ። ሦስቱን ነጥቦች በመስመር ስታገናኙ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ሌሎች ሦስት፣ ሌላ ሦስት ማዕዘን። ወረቀቱን ብታዞሩት፣ ከሩቅ ሆናችሁ ብታዩት፣ ፎቶ አንስታችሁ ብታሳንሱት የጎኖቹ ንጽጽር አይለወጥም። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ከነጠብጣቦቹ ሦስት ማዕዘኖች ይሠራል፣ ከዚያ መዝገቡ ውስጥ ካሉት ጋር ያስተያያል። ሦስቱ ሰዎች፣ የባሕሩ፣ የኮምፒውተሩና የከዋክብቱ፣ ይህንን እ.ኤ.አ. በ2005 በጋራ አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርማን የሮሌክስን ሽልማት አገኙ። የሂሳብ ትምህርት «ለምን ይጠቅመኛል?» የሚል ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ዋይልድቡክ በሚባለው፣ ዛሬ ሻርክቡክ በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ ላይ ማንኛውም ሰው ያነሳውን ፎቶ መላክ ይችላል። የሳይንስ ዲግሪ አይጠየቅም። ጠላቂ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባ ነጂ፣ ለእረፍት የሄደ ቤተሰብ፣ ሁሉም ይልካል። ይኼ ነው «የዜጎች ሳይንስ» የሚባለው። ሐሳቡ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900 የገና ዕለት 27 ሰዎች ወፍ ከማደን ይልቅ ወፍ እንቁጠር ብለው ወጥተው ነበር፤ ቆጠራው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

የዌል ሻርኩ ሎሚ ምን ያህል ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ሲደመር፣ ከ1992 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ የመታየት ዘገባ ተሰብስቧል። ከዚህ ውስጥ ከ6 ሺህ በላይ ዌል ሻርኮች አንድ በአንድ ተለይተዋል። ዘገባው የመጣው ከ54 አገሮች ነው። ቀድሞ 13 ብቻ ይታወቁ የነበሩት ዌል ሻርኮች በብዛት የሚሰበሰቡባቸው ሥፍራዎች ወደ 20 ከፍ አሉ። አንድ መንግሥት መርከብ አከራይቶ፣ ተመራማሪ አሰማርቶ ይህን ልሥራ ቢል ገንዘቡ የማይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ዝርያው ወደ ከፋው የአደጋ ደረጃ እንዲሸጋገር ያደረገውን ግምገማ ካዘጋጁት ሁለት ባለሙያዎች አንዱ እኚሁ ኖርማን ናቸው።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወገኖቻችንን አንድ ታሪክ ይመለከታችኋል። ከካታር ጠረፍ ራቅ ብሎ ባሕር መሀል አል ሻሂን የሚባል የነዳጅ ማውጫ አለ። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች በበጋው ወራት ከነዳጅ ማማው ሥር ነጠብጣብ ያለባቸው ግዙፍ ዓሦች ሲርመሰመሱ ያያሉ፤ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ። ነዳጅ ማማው አጠገብ ዓሣ አጥማጅ እንዲደርስ አይፈቀድም፤ ተመራማሪም የሚሄድበት ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ከሠራተኞቹ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ፎቶዎቹ ተመራማሪዎች እጅ ሲገቡ ከመቶ በላይ ዌል ሻርኮች በአንድ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። የሚመጡት አንድ የቱና ዓሣ ዓይነት የሚጥለውን እንቁላል ለመብላት ነው። በዚያ ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ያለ መሰባሰብ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። ያወቀው የነዳጅ ማውጫው ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ጅቡቲ እንመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ጉዳይ እኛንም ይነካናል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ቀደም ባሉት ዓመታት በተደረገው ጥናት ከተለዩት ዌል ሻርኮች 65 በመቶው ሰውነታቸው ላይ የጀልባ ወይም የሞተር ምላጭ ጠባሳ ነበረባቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ማለት ነው። እነዚህ ገና ልጆች መሆናቸውን አስታውሱ። ጠባሳው ያለባቸው የተረፉት ናቸው፤ ያልተረፉትን ፎቶ የሚያነሳ የለም።

ስለ ትልልቅ መርከቦች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት የበለጠ ያስጨንቃል። ተመራማሪዎች በሳተላይት የሚከታተሏቸውን ዌል ሻርኮች መንገድ ከመርከቦች መንገድ ጋር ሲያስተያዩ፣ ከሚዋኙበት ሥፍራ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መርከብ የሚመላለስበት ሆኖ አገኙት። የአንዳንዶቹ ምልክት መርከብ በሚበዛበት መስመር ላይ ድንገት ይቋረጣል። አንዳንዱም መሣሪያ የመጨረሻው መልእክቱ ዓሣው ቀስ እያለ ወደ ባሕሩ ወለል ሲሰምጥ የሚያሳይ ነው። የሞተ ዌል ሻርክ አይንሳፈፍም። መርከቧ ላይ ያሉት ሰዎች የገጩትን ሳያውቁ ያልፋሉ።

የጅቡቲ ከተማና ዋነኞቹ ወደቦቿ ያሉት ደግሞ በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ መግቢያ ላይ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በዚያ ያልፋል። ወጥ ቤት ያለው ዘይት፣ የልጁ ዳይፐር፣ ግቢ የቆመው መኪና፣ ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ። ባሕር የለንም እንላለን፤ ዕቃችን ግን ባሕሩ ላይ ነው። ይኼን ስል ዘይት አትግዙ ማለቴ አይደለም። መርከብ ዌል ሻርኮች በሚሰበሰቡበት ወቅትና ቦታ ፍጥነት መቀነስ ወይም ዞር ማለት ይችላል፤ ይህን ለመጠየቅ ግን የትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር የሚለው መታወቅ አለበት። ከፎቶ የሚመጣው ይኸው ነው።

እንግዲህ ለመሄድ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ አካሄዱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጀልባው። ወደ አርታ የሚወስዷችሁን ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ዌል ሻርክ ስታዩ ሞተሩን ምን ታደርጉታላችሁ?» በሉ። በሩቁ ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ አይሽከረከርም የሚል መልስ ከሰጧችሁ ጥሩ ነው። «በጣም እናስጠጋችኋለን» ብሎ የሚኩራራውን ተዉት። ይህ ጥያቄ ከብዙ አዋጅ ይበልጣል እላለሁ፤ ደንበኛ የሚጠይቀውን ነገር ነጋዴ ይማራል። አውስትራሊያ ውስጥ ከእንስሳው 250 ሜትር ክልል ሲገቡ ጀልባ በዝግታ መሄድ ግዴታው ነው፤ በአንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ የሚገባውም ከአሥር ሰው አይበልጥም። ጅቡቲ ላይ አሥር ጀልባ አንዱን ልጅ ዓሣ ከቦ ካያችሁ፣ አስራ አንደኛ አትሁኑ። ሌላው ይመጣል፤ ወይም አይመጣም፤ ግድ የለም።

ከሁሉ በላይ ምግብ እየጣሉ ከሚጠሩ ሰዎች ጋር አትሂዱ። ፊሊፒንስ ውስጥ ኦስሎብ በሚባል መንደር ይኼ ከ2011 ገደማ ጀምሮ ትልቅ ገበያ ሆኗል። አጥማጆቹ ሽሪምፕ ይጥላሉ፣ ጎብኚው ይጎርፋል፣ ሁሉም ደስተኛ ይመስላል። በፎቶ የተለዩት ዌል ሻርኮች ግን ተፈጥሮ ከሚፈቅደው በላይ እዚያው እየቆዩ፣ ጀልባን ከምግብ ጋር እያያዙ፣ ሰውነታቸው በጠባሳ ተሞልቷል። የመንደሩ ሰው ድህነት ይገባኛል፤ የጎብኚው ጭብጨባ ግን አይገባኝም።

ውኃ ውስጥ ስትገቡ ልጆቹ የሕይወት ጃኬት ያድርጉ፤ መዋኘት የማይችል ልጅ ጀልባ ላይ ሆኖ ቢያይ ምንም አይጎድልበትም። ከጭንቅላቱና ከሰውነቱ ሦስት ሜትር፣ ከጭራው አራት ሜትር ራቁ። ጭራው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ትልቅ ስለሆነ ነው። አትንኩት። በፊቱ ቆማችሁ መንገዱን አትዝጉ። ፍላሽ አጥፉ። እውነቱን ለመናገር ልጆች ይኼን ቶሎ ይቀበላሉ፤ የሚያስቸግሩት ለፌስቡክ ፎቶ እጃቸውን ጀርባው ላይ ለማሳረፍ የሚሞክሩት አባቶች ናቸው።

ከዚያ ፎቶው። ለሳይንስ የሚጠቅመው ፎቶ ለአልበም ከሚያምረው ይለያል። ፊቱና የተከፈተ አፉ ያምራል፤ ለመለየት ግን አይረዳም። የሚፈለገው ጎኑ ነው፤ ከአምስቱ የስንጥብ ቀዳዳዎች ኋላ፣ ከደረቱ ክንፍ በላይ ያለው ቦታ። በተለይ የግራ ጎኑ። መዝገቡ ሲጀመር በግራ ጎን ስለተጀመረ ብዙው ፎቶ የግራ ነው። የቀኙንም ካገኛችሁ መልካም። በተቻለ መጠን ከጎን ቀጥ ብላችሁ አንሱ፤ ከላይ ወይም ከኋላ ሲሆን ነጠብጣቦቹ ይዛባሉ። ውኃ የማያስገባ ርካሽ የስልክ ቦርሳ ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ ውኃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ግን ስልኩን አውጥታችሁ ቦርሳውን ብቻ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ፈትሹ። ጠባሳ ካያችሁ እሱንም አንሱ። ቪዲዮም ይሆናል፤ ከቪዲዮው ጥሩ የሆነውን ምስል መምረጥ ይቻላል።

ልጆቹ ጀልባ ላይ ሲመለሱ፣ ፎጣ ከማድረጋቸው ቀጥሎ ደብተር ስጧቸው። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንዳዩ፣ ርዝመቱን በግምት ይጻፉ። ርዝመት ግምት ላይ ጀልባዋን መለኪያ አድርጉ፤ ውኃ ውስጥ ሁሉም ነገር ይገዝፋል፤ አራት ሜትሩ ዓሣ ማታ እራት ላይ አሥር ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ሆቴል ስትመለሱ ወይም አዲስ አበባ ስትገቡ ፎቶውን ከነመረጃው ትልካላችሁ። ኮምፒውተሩ ይመሳሰላሉ የሚላቸውን ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ሰው አይቶ ይሰጣል። የደበዘዘ ወይም የተሳሳተ ፎቶ መዝገቡን ያበላሻል ብላችሁ አትስጉ፤ ማጥራት የእነሱ ሥራ ነው። እናንተ ግን ያላያችሁትን አትጻፉ። ልጅ «ሁለት እንበል፣ አንድ ያንሳል» ካለ፣ አንድ መሆኑ ለምን እንደሚበቃ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አታገኙም።

መዝገቡ አንድ ደግ ነገር አለው። ያነሳችሁት ዌል ሻርክ ሌላ ጊዜ በሌላ ሰው ሲታይ በኢሜይል ይነገራችኋል። ምናልባት በዓመቱ እዚያው አርታ፣ ምናልባት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ሌላ ባሕር ላይ። ወይም ምንም ላይመጣ ይችላል።

በዚህ ዓመት ጅቡቲ የማይታሰብ ነው የምትሉ ደግሞ ብዙ ናችሁ፤ ኑሮው ይታወቃል። ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራም አለ። ዙኒቨርስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ «ፔንግዊን ዎች» የሚል ሥራ ታገኛላችሁ። ደቡብ ዋልታ አካባቢ በረዶ ላይ የተተከሉ ካሜራዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ይቀርባሉ፤ የእናንተ ሥራ ፔንግዊኖቹን፣ ጫጩቶቻቸውንና እንቁላሎቻቸውን በጣት ምልክት እያደረጉ መቁጠር ነው። የአንዱን ፎቶ ብዙ ሰው ስለሚቆጥረው የአንድ ልጅ ስሕተት ችግር አይፈጥርም። ብዙ እንግሊዝኛም አይጠይቅም፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከታላቁ ጋር ሆኖ ይወጣዋል። ለኢንተርኔት ፓኬጁ የምትሳሱ ካላችሁ፣ ከቲክቶክ አይብስም።

አንድ ማሳሰቢያ ለወላጆች ብቻ፤ ሥራውን የቤት ሥራ አታድርጉት። «ዛሬ ሃምሳ ፎቶ ሳትጨርስ እራት የለም» ከተባለ ልጁ ፔንግዊንን ሲጠላ ያድጋል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከቆጠረ በኋላ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ይኖራል፤ ለምን ይበርዳቸዋል፣ አባትየው ነው እናትየዋ የታቀፈችው፣ ለምን ቁጥራቸው ይቀንሳል። መልሱን ካላወቃችሁት አብራችሁ ፈልጉ።

ጅቡቲ ደርሳችሁ የምትመለሱ አንባቢያን ደግሞ፣ የልጆቻችሁን ደብተርና የግራ ጎን ፎቶ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን በየካቲት እትም እናወጣዋለን። ፎቶው ላይ ሰው እጁን ዓሣው ጀርባ ላይ አሳርፎ ከታየ ግን አንወስድም።

ቸር ያሰንብተን።